የውጫሌ ውል በ12ኛ ክፍል፦ ታሪክን ከምንጭ ማስተማር በመሰናዶ ደረጃ

በ11ኛና በ12ኛ ክፍል የማኅበራዊ ሳይንስ ዘርፍን የመረጠ ተማሪ በሁለት ዓመት ውስጥ ከሰው ዘር አመጣጥ ተነሥቶ እስከ ቅርብ ጊዜ የሚደርስ የዓለም፣ የአፍሪካና የኢትዮጵያ ታሪክ ይማራል። ይህን ሁሉ ዘመን ሲያቋርጥ ግን አንድም የታሪክ ሰነድ በእጁ ሳይዝ፣ ማን ጻፈው፣ ለማን ጻፈው፣ ለምን ጻፈው ብሎ ሳይጠይቅ ፈተናውን አልፎ ዩኒቨርሲቲ ሊገባ ይችላል። የመጀመሪያ ደረጃ ምንጭና የሁለተኛ ደረጃ ምንጭ ምን እንደ ሆኑ ይነግረናል፤ ትርጉማቸው በፈተና ሊመጣ ስለሚችል አጥንቶታል። የምንጭን ትርጉም ማወቅና ምንጭ ማንበብ ግን የተለያዩ ነገሮች ናቸው።

የዚህ አጭር ጽሑፍ ዓላማ ይህ ክፍተት እንዴት እንደ ተፈጠረ መመርመርና፣ ከሥርዓተ ትምህርቱ ሳይወጡ ሊሠራ የሚችል አማራጭ በሁለት ምሳሌዎች ማሳየት ነው። አንደኛው ምሳሌ ሁሉም የሚያውቀው የውጫሌ ውል ነው፤ ሁለተኛው በምሥራቅ አዲስ አበባ የሚገኘው የጎሮ አካባቢ ነው። ጉዳዩ የማስተማሪያ ስልት ብቻ አይደለም። በ2012 ዓ.ም. የኢትዮጵያና የአፍሪካ ቀንድ ታሪክ ለአንደኛ ዓመት የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች በጋራ ኮርስነት እንዲሰጥ ሲወሰን የተነሣው ክርክር በአብዛኛው የትኛው ትርክት ይማር በሚለው ላይ ያተኮረ ነበር። ትርክትን በማስረጃ የመመዘን ችሎታ ያ ተማሪ ከየት ይዞት ይመጣል የሚለው ጥያቄ ተገቢውን ቦታ አላገኘም። ችሎታው ሊገነባ የሚገባው ከዚያ በፊት በነበሩት ሁለት ዓመታት ነው።

ማትሪክ

የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት መጨረሻ በኢትዮጵያ ከጅምሩ ከፈተና ጋር የተቆራኘ ነው። ከጣሊያን ወረራ በኋላ በተከፈቱት በኮተቤው ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴና በጄኔራል ዊንጌት ትምህርት ቤቶች የተማሩ ቀደምት ተማሪዎች ለለንደን ዩኒቨርሲቲ የማትሪክ ፈተና ይቀመጡ ነበር። ፈተናው የአገር ውስጥ ከሆነ በኋላም ሕዝቡ የ12ኛ ክፍልን ፈተና «ማትሪክ» ማለቱን አልተወም። ስሙ ቢቀርም ይዘቱ ተለውጧል፤ የለንደኑ ፈተና በድርሰት የሚመለስ ነበር፣ የዛሬው ግን በምርጫ የሚመለስና በማሽን የሚታረም ነው።

በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ 11ኛንና 12ኛን ክፍል የከፍተኛ ትምህርት መሰናዶ አደረጋቸው። በዚሁ ምክንያት በ1990ዎቹ አጋማሽ የዩኒቨርሲቲው የፍሬሽማን ዓመት ቀርቶ ሥራው ወደ መሰናዶ ተዛወረ፤ እስከ 2012 ዓ.ም. ድረስም ይህ አደረጃጀት ጸንቶ ቆየ። በሐሳብ ደረጃ መሰናዶ ከእንግሊዙ «ሲክስዝ ፎርም» ጋር የሚቀራረብ ነበር ማለት ይቻላል። ጥቂት የትምህርት ዓይነቶች፣ ጥልቅ ንባብ፣ ከዩኒቨርሲቲ በፊት የሚደረግ ልምምድ። በእንግሊዝ የኤ ሌቭል ታሪክ ተማሪ ከጠቅላላ ውጤቱ 20 በመቶ የሚሆነውን የሚያገኘው ራሱ መርምሮ ከ3,000 እስከ 4,500 ቃል በሚጽፈው ጥናት ነው። በእኛ መሰናዶ የዩኒቨርሲቲው ይዘት ወረደ፣ የዩኒቨርሲቲው የአሠራር ልማድ ግን አብሮ አልወረደም።

ለዚህ መምህሩን መውቀስ ቀላልና ፍትሕ የጎደለው ነው። በ2014 ዓ.ም. የብሔራዊ ፈተናው በዩኒቨርሲቲዎች ግቢ ሲሰጥ 900 ሺህ ገደማ ተማሪዎች ተቀምጠው 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ፤ በተከታዩ ዓመት 3.2 በመቶ ሆኑ። እንዲህ ባለ ውጤት ጥላ ሥር የሚያስተምር መምህር ሦስት ክፍለ ጊዜ ወስዶ ስለ አንድ አንቀጽ ማከራከር ቅንጦት ቢመስለው አይፈረድበትም። የድርሰት ፈተና ይመለስ የሚለው ጥሪም ይህን ያህል ወረቀት ማን፣ በስንት ሳምንት፣ በምን ወጥ መመዘኛ እንደሚያርም እስካልመለሰ ድረስ ምኞት ነው። የምርጫ ጥያቄ በራሱ ግን ጥፋተኛ አይደለም። በአሜሪካ የአድቫንስድ ፕሌስመንት የታሪክ ፈተና የምርጫ ጥያቄዎቹ የሚጠየቁት ከቀረበ የሰነድ ቅንጭብ፣ ካርታ ወይም ሥዕል ተነሥቶ ነው፤ ተማሪው ፊደሉን ከመምረጡ በፊት ምንጩን ለማንበብ ይገደዳል። ማሽኑ ሳይለወጥ ጥያቄው ሊለወጥ ይችላል።

ሌላው ጫና የትምህርቱ ክብር ነው። በ2000 ዓ.ም. አካባቢ ሥራ ላይ የዋለው የ70 በ30 የቅበላ ምጣኔ ሰባውን እጅ ለሳይንስና ቴክኖሎጂ ሰጥቶ ሠላሳውን ለማኅበራዊ ሳይንስና ለሥነ ሰብ ተወ። የምጣኔው ኢኮኖሚያዊ ምክንያት እዚህ አያከራክረንም። በክፍል ውስጥ ግን የታሪክ ትምህርት የቀረው ሰው መሄጃ ነው የሚል ስሜት ማጠናከሩ አይቀርም።

የሦስተኛ ቋንቋ ችግር

ከፈተናው ይልቅ ብዙም ያልተነገረለት እንቅፋት ቋንቋው ነው። በ1950ዎቹ አጋማሽ አማርኛ የአንደኛ ደረጃ ማስተማሪያ ቋንቋ ሲሆን ሁለተኛ ደረጃው በእንግሊዝኛ ቀጠለ። ከ1986ቱ ፖሊሲ በኋላ የታችኛው ደረጃ በየአፍ መፍቻ ቋንቋው ሲሰጥም ከ9ኛ ክፍል በላይ ያለው በእንግሊዝኛ ጸና። ለፊዚክስ ይህ የቃላት ችግር ነው። ለታሪክ ግን የማስረጃ ችግር ይሆናል። የኢትዮጵያ ታሪክ ምንጮች በግዕዝ፣ በአማርኛ፣ በዐረብኛ፣ በፖርቱጋልኛ፣ በጣሊያንኛና በሌሎችም የተጻፉ፣ ወይም በአፋን ኦሮሞና በሌሎች ቋንቋዎች በቃል የሚተላለፉ ናቸው። ተማሪው ሁሉንም የሚያገኛቸው ተተርጉመው፣ ተጨምቀው፣ በእንግሊዝኛ ዐረፍተ ነገር ውስጥ ተውጠው ነው። ምንጩ ድምፅ የለውም፤ የሚናገረው የመማሪያ መጽሐፉ ብቻ ነው።

የአሜሪካዊው የሥነ ልቦና ተመራማሪ ሳም ዋይንበርግ በ1991 እ.ኤ.አ. ያሳተመው ጥናት እዚህ ላይ ይረዳናል። ስምንት የታሪክ ምሁራንና ስምንት የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች በሌክሲንግተን ስለተደረገው ውጊያ የሚናገሩ ሰነዶችን የሚያስቡትን ጮክ ብለው እየተናገሩ እንዲያነቡ አደረገ። ምሁራኑ ከሰነዱ ይዘት በፊት የጸሐፊውን ማንነት ይፈልጉ ነበር፤ አንዱን ሰነድ ከሌላው ያመሳክሩ፣ በዘመኑና በቦታው አውድ ያስቀምጡት ነበር። ተማሪዎቹ ግን የመማሪያ መጽሐፍን ቃል ከሌሎቹ ይልቅ ታማኝ አድርገው የማየት ዝንባሌ ነበራቸው። ከምሁራኑ መካከል በአሜሪካ ታሪክ ያልሠለጠኑም ነበሩ። ልዩነቱን የፈጠረው በቃል የተያዘ መረጃ ብዛት አልነበረም ማለት ነው።

አሥራ ሰባተኛው አንቀጽ

ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. በዳግማዊ ምኒልክና በጣሊያኑ ወኪል በኮንት ፒየትሮ አንቶኔሊ መካከል የተፈረመው ውል ለክፍል ውስጥ የምንጭ ትምህርት ከሌሎች ሁሉ የተመቸ ነው፤ ምክንያቱም የታሪኩ ግንድ ራሱ የንባብ ጥያቄ ነው። በአማርኛው ጽሑፍ የኢትዮጵያ ንጉሠ ነገሥት ከአውሮፓ መንግሥታት ጋር በሚያደርጉት ግንኙነት በጣሊያን መንግሥት አጋዥነት መጠቀም «ይቻላቸዋል»። በጣሊያንኛው ንጉሠ ነገሥቱ ይህን ለማድረግ «ይስማማሉ»። ተማሪው ይህን ልዩነት በእንግሊዝኛ ሲያጠናው ሁለቱንም ግሦች በሦስተኛ ቋንቋ ያገኛቸዋል። አማርኛ የሚናገር የአዲስ አበባ ተማሪ «ይቻላቸዋል» የሚለውን የራሱን ቋንቋ ቃል በእንግሊዝኛ ተርጓሚ በኩል ይማራል፤ ነገሩን ቆም ብሎ ላየው የሚያስገርም ነው።

የምንጠቁመው ትምህርት ሦስት ክፍለ ጊዜ ይፈጃል። በመጀመሪያው ተማሪዎች የአማርኛውን አንቀጽና የጣሊያንኛውን ቀጥተኛ የአማርኛ ትርጉም ጎን ለጎን ይቀበላሉ። የመማሪያ መጽሐፉ ይዘጋል። የሚጠየቁት አንድ ጥያቄ ነው፦ ከእነዚህ ከሁለቱ ብቻ በመነሣት ኢትዮጵያ በጣሊያን ጥበቃ ሥር ገብታለች ማለት ይቻላልን? ጥንቁቅ ተማሪ እዚህ ላይ ያልተጠበቀ ነገር ያገኛል። ከጣሊያንኛው «ይስማማሉ» እስከ «ጥበቃ ሥር ነች» ድረስ እንኳ አንድ እርምጃ አለ፤ ጥበቃ የሚለው ቃል በአንቀጹ ውስጥ የለም። ያን እርምጃ የተራመደው የጣሊያን መንግሥት ነው፤ ጥቅምት 1889 እ.ኤ.አ. አንቀጹን ይዞ በበርሊን ጠቅላላ ስምምነት 34ኛ አንቀጽ መሠረት ለኃያላን መንግሥታት ባስታወቀ ጊዜ። ስለዚህ «የትርጉም ስሕተት» የሚለው የተለመደ መልስ በቂ አይደለም። አንድ ጽሑፍ በሁለት ቋንቋ ተለያይቶ ተጻፈ፣ ከዚያም ከሁለቱ አንዱ ከቃሉ በላይ ተነበበ።

በሁለተኛው ክፍለ ጊዜ ደብዳቤዎቹ ይገባሉ። ምኒልክ ንግሣቸውን ለአውሮፓ ነገሥታት በቀጥታ ጽፈው አሳወቁ፤ ከእንግሊዝና ከጀርመን የመጣው መልስ ግን ግንኙነቱ በጣሊያን በኩል እንዲሆን የሚያመለክት ነበር። በ1883 ዓ.ም. መጀመሪያ ለንጉሥ ኡምቤርቶ ተቃውሟቸውን ጻፉ፣ በ1885 ዓ.ም. ውሉን ሻሩ። የተማሪው ሥራ እያንዳንዱ ሰነድ የምን ማስረጃ እንደ ሆነ መለየት ነው። ከፊርማው በኋላ በቀጥታ የተጻፈ ደብዳቤ ምኒልክ አንቀጹን እንዴት እንደ ተረዱት ያሳያልን? ወይስ በወቅቱ ሊያደርጉ የፈለጉትን ብቻ? ሁለቱ አንድ አይደሉም፤ በክፍል ውስጥ የሚነሣው ጥሩ ክርክር ብዙ ጊዜ የሚጀምረውም እዚህ ላይ ነው።

የዘመን አቆጣጠር ጉዳይም እዚህ ይነሣል። የውጫሌ ውል የተፈረመው በ1889 እ.ኤ.አ. ነው። ከዓድዋ ድል በኋላ ውጫሌን የሻረው የአዲስ አበባ ውል ደግሞ የተፈረመው በጥቅምት 1889 ዓ.ም. ነው። አንድ ቁጥር፣ ሁለት ተቃራኒ ውሎች። በእንግሊዝኛ መጽሐፍና በአማርኛ ሰነድ መካከል የሚመላለስ ተማሪ ከእያንዳንዱ ዓመት ጎን አቆጣጠሩን መጻፍ ካልለመደ የዓድዋን ምክንያትና ውጤት ሊያገለባብጥ ይችላል።

ሦስተኛው ክፍለ ጊዜ ለሁለተኛ ደረጃ ምንጭ ይሰጣል። በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ያስተማረው ስዊድናዊው ስቬን ሩቤንሰን በ1964 እ.ኤ.አ. ስለዚሁ አንቀጽ በአፍሪካ ታሪክ መጽሔት ላይ ጽፎ የአንቶኔሊን ድርሻ አጥብቆ መረመረ። ጣሊያናዊው ካርሎ ጂሊዮ በሚቀጥለው ዓመት በዚያው መጽሔት ተከራከረው፤ ሩቤንሰንም በ1966 መልስ ሰጠ። የ12ኛ ክፍል ተማሪ ጽሑፎቹን በሙሉ ሊያነብ አይጠበቅበትም። መምህሩ በአንድ ገጽ ጭምቅ አድርጎ ሲያቀርብለት ግን ሁለት ምሁራን ስለ አንድ አንቀጽ መግባባት ሲያቅታቸው ምን እንደሚያደርጉ ያያል። አይሰዳደቡም፣ ወደ ሰነዱ ይመለሳሉ። በሕዝባዊ የታሪክ ክርክራችን ይህን አሠራር የሚያይበት ዕድል እምብዛም ነው።

አንድ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ከላይ የተባለው ሁሉ አማርኛን እንደ አፍ መፍቻው የሚያነብ ተማሪን ያሰበ ነው። በምሥራቅ አዲስ አበባ ትምህርት ቤቶች ግን የአፋን ኦሮሞ ተናጋሪ ተማሪዎች ከአማርኛ ተናጋሪዎች ጋር በአንድ ወንበር ይቀመጣሉ። የ1881ን አማርኛ የቤተሰብ ቅርስ አድርጎ ማቅረብ ግማሹን ክፍል ከውይይቱ ያወጣል። የዘመኑ የቤተ መንግሥት አማርኛ ለሁሉም በመጠኑ እንግዳ መሆኑን መንገር የበለጠ እውነት ነው።

ጎሮ እንደ ቤተ መዛግብት

የውጫሌ ውል ሰነዱ የታወቀ፣ ክርክሩ የታተመ ነው። ሁለተኛው ምሳሌ ምንም የተዘጋጀ ነገር የሌለበት ነው። ጎሮ ከቦሌ ወደ ምሥራቅና ደቡብ ምሥራቅ የሚዘልቀው የአዲስ አበባ መስፋፊያ አካል ነው፤ የአይሲቲ ፓርኩ፣ የጋራ መኖሪያ ቤቶቹና አዳዲሶቹ ሰፈሮች የቆሙት በቅርብ ዘመን የእርሻ መሬት በነበረ ቦታ ላይ ነው። ከተማሪዎቹ ብዙዎቹ ከሌላ ሰፈር የመጡ ቤተሰቦች ልጆች ናቸው። «እዚህ ታሪክ የለም» ማለት ይቀናቸዋል።

ሥራው ከስሙ ሊጀመር ይችላል። አማርኛ ተናጋሪ ተማሪ «ጎሮ»ን ከ«ጓሮ» ጋር ለማያያዝ ይፈተናል፤ ከከተማው በስተ ኋላ ያለ ቦታ ነውና ትርጉሙ የገጠመ ይመስለዋል። ካርታ ሲዘረጋ ግን በባሌ ጎሮ የሚባል ወረዳ፣ በሐረርጌ ጎሮ ጉቱ፣ በደቡብ ምዕራብ ሸዋም ሌላ ጎሮ ያገኛል። ከአዲስ አበባ ርቀው፣ አፋን ኦሮሞ በሚነገርባቸው አገሮች የተበተነ ስም ከአማርኛው «ጓሮ» ወጣ ማለት ይከብዳል። የቃሉን ትርጉም አውቃለሁ ከማለት በፊት የስርጭቱን ማስረጃ ማየት የሚያስተምረው ከዚህ የተሻለ አጭር መልመጃ አላውቅም፤ አንድ ካርታ ብቻ ይበቃል።

ከስሙ ቀጥሎ መሬቱ ይመጣል። በየካቲት 1967 የወጣው አዋጅ ቁጥር 31 የገጠር መሬትን፣ በሐምሌ 1967 የወጣው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት ወይም የሕዝብ ሀብት አደረጉ። የመጀመሪያው ገበሬ ማኅበርን፣ ሁለተኛው ቀበሌን አስከተለ። ተማሪው የሚጠይቀው ይህን ነው፦ ጎሮ በየትኛው ሥር ነበር? በገጠርና በከተማ መካከል ያለው መስመር በዚህ መሬት ላይ ያለፈው መቼ ነው? ጥያቄው ደረቅ የአስተዳደር ጥያቄ ቢመስልም የአንድ ቤተሰብ የይዞታ መብት የተንጠለጠለበት ነው። መልሱን የሚሰጡት የየዘመኑ የአየር ፎቶግራፎችና ካርታዎች፣ የወረዳ መዛግብት፣ በልማድ ወመዘክር የምንለው ብሔራዊ ቤተ መዛግብትና የአካባቢው አረጋውያን ናቸው።

መዛግብቱ ራሳቸው አንድ ትምህርት ይዘዋል። በ2013 ዓ.ም. ለሚ ኩራ ክፍለ ከተማ ከቦሌና ከየካ ተቆርሶ ሲቋቋም በርካታ ሰፈሮች የአስተዳደር አድራሻቸው ተለወጠ። አንድ የ1990ዎቹ ደብዳቤ በዛሬው ክፍለ ከተማ ስም ቢፈለግ ላይገኝ ይችላል። ሰነድ የሚቀመጠው በፈጠረው መሥሪያ ቤት ሥርዓት እንጂ በፈላጊው ሐሳብ አለመሆኑን የቤተ መዛግብት ሳይንስ ተማሪ በሁለተኛ ዲግሪ የሚማረውን የጎሮ ልጅ በአንድ ከሰዓት በኋላ ሊረዳው ይችላል።

አረጋውያንን መጠየቅ ግን ከሁሉ የበለጠ ጥንቃቄ ይሻል። ያን ቫንሲና ስለ ቃል ትውፊት የጻፈው እንደሚያስገነዝበን የቃል ምስክርነት የሚናገረው ስለ ትናንት ብቻ ሳይሆን ስለሚነገርበት ዛሬም ጭምር ነው። በጎሮና በዙሪያው ያለው ዛሬ ካሳ፣ መነሣትና ምትክ ቦታ ነው፤ የአዲስ አበባና የዙሪያዋ ኦሮሚያ የጋራ ማስተር ፕላን በ2006 ዓ.ም. ያስነሣው ተቃውሞ በ2008 ዓ.ም. ዕቅዱ እስኪቀር ድረስ የሰው ሕይወት አስከፍሏል። ማስታወሻ ደብተር ይዞ የመጣን ተማሪ አንድ አባወራ የመንግሥት ቆጣሪ፣ የደላላ ልጅ ወይም የጋዜጣ ሰው አድርገው ሊያዩት ይችላሉ፤ የሚሰጡትም መልስ በዚያው መጠን ይለወጣል። ስለዚህ ተማሪው ማን እንደ ሆነና ለምን እንደሚጠይቅ አስቀድሞ ይናገር፤ ስም አይጻፍ፣ የቦታ ስፋትና የካሳ መጠን አይጠየቅ፣ ድምፅ ያለ ፈቃድ አይቀረጽ። ጥያቄዎቹ «ልጅ ሳሉ ውኃ ከየት ይቀዳ ነበር?»፣ «ገበያ የሚወጡት የት ነበር?»፣ «ከብቱ በየት በኩል ይሰማራ ነበር?» የሚሉ ይሁኑ። «ሲያፈናቅሉዎት ምን ተሰማዎት?» የሚል ጥያቄ መልሱን በውስጡ ይዟል። ገበያ የት እንደ ነበር የሚለው ጥያቄ ግን፣ መልሱ ከድሮ መንገዶች ጋር ሲመሳከር፣ አካባቢው ከአዲስ አበባ በፊት ፊቱን ወዴት አዙሮ ይኖር እንደ ነበር ሊነግረን ይችላል።

ይህ ሁሉ የሚመዘነው በትምህርት ቤቱ የተከታታይ ምዘና ውስጥ ነው፤ ብሔራዊ ፈተናውን መጠበቅ አያስፈልገውም። ሁለት ገጽ ጽሑፍ ይበቃል። ለአጻጻፍ ውበት ነጥብ ባይሰጥ ይሻላል፤ በእንግሊዝኛ የሚቸገረውን ተማሪ ደግሞ ስለሚቀጣ። ነጥቡ የሚሰጠው ተማሪው ቢያንስ ሦስት ምንጮችን ለይቶ ስለ እያንዳንዱ ማን፣ መቼ፣ ለምን ብሎ ከጻፈ፣ ምንጮቹ የሚጋጩበትን አንድ ቦታ ካሳየ፣ ከሁለቱ ለምን አንዱን እንዳመነ ከተናገረ ነው። ምንጮቹ ምንም ካልተጋጩበት ገና በበቂ አልፈለገም ማለት ነው፤ ይመለስና ይፈልግ።

ጽሑፎቹ ከታረሙ በኋላ ወደ ተማሪው ቦርሳ ተመልሰው እንዳይጠፉ ትምህርት ቤቱ በቤተ መጻሕፍቱ አንድ መደርደሪያ ይስጣቸው። በእያንዳንዱ ላይ የተሰበሰበበት ቀን በሁለቱም አቆጣጠር፣ የተጠያቂው ዕድሜና ጾታ፣ ቃለ መጠይቁ የተደረገበት ቋንቋና የጠያቂው ክፍል ይጻፍ። የሚመጣው ዓመት ተማሪዎች ከባዶ አይጀምሩም፤ ያለፈው ዓመት ተማሪ የገበያው ቦታ ብሎ የጻፈውን ይዘው ወጥተው ሌላ አዛውንት ይጠይቃሉ።